የላዳዋ ጾመኛ

የሊያ ላዳ በጎታች መኪና ታስራ ስትመለስ ከወንበሬ ለመነሳት እንኳ ወኔ አልነበረኝም። እዚሁ ጋራዣችን ግቢ ውስጥ ስናስነሳት ደህና ናት። ቤንዚን ሲሰጧት ትጮኻለች፣ የቤንዚን ግፊት መለኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጎረቤት እስኪረግመን ድረስ ብንረግጣትም ቅር አይላትም። ሜዳ ወጥታ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባላት ግን ትንፋሿ ይቆረጣል። ትስላለች፣ በጭስ ማውጫዋ ትተኩሳለች፣ ትጠፋለች። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚለቀው በሽተኛ አለ አይደል፣ እንደዚያ ናት። እንዲህ ያለ በሽተኛ ነፍሴን ያደክማታል።

ሊያ ከጎታቹ መኪና ወርዳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትናደድ ዝም ነው የምትለው። አባቷም እንዲያ ነበር።

ላዳዋ የአባቷ የተክላይ ታክሲ ነበረች። ተክላይ ጊዮርጊስ ጀርባ ቆሞ ደንበኛ እየጠበቀ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወዲያ ማዶ እየተመላለሰ ልጆቹን ያሳደገው በእሷ ነው። በኋላ ታሞ ሲተኛ መኪናዋም ደጁ ላይ ተኛች። ሊያ ሥላሴ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። አባቷ አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ቀን፣ ይቺ መኪና እስከ መጨረሻው ብትረገጥ ምን ያህል ትሄድ እንደነበር አላውቅም፣ ዕድሜዬን በሙሉ ለነዳጅ እየሳሳሁ በእርጋታ ነው የነዳኋት፣ ብሏት ነበር። እሱ ሲሞት ሰው ሁሉ ለቁራሌው ሽጪያት ቢላትም እምቢ አለች። ወንበሮቿን አውጥታ፣ ሞተሯን አስፍታ፣ ሁለት ጉሮሮ ያለው ትልቅ ካርቡራተር አስጭና ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሆኖ ቀጥ ባለ መንገድ ለሚሽቀዳደምበት ውድድር አዘጋጀቻት። አራት መቶ ሜትር ነው ጠቅላላ ነገሩ። ሰው አስነጥሶ ይማርህ እስኪባል አልቋል። ለእሷ ነው እንግዲህ ወገባችን የሚቆረጠው።

ወደ እኛ የመጣችው ለእኔ ብላ አይደለም፣ ለጋሽ እምሩ ብላ ነው። ፒያሳ ላይ ላዳ የነዳ ሰው ሁሉ ጋሽ እምሩን ያውቃቸዋል። በደጃቸው የምታልፍ መኪና በድምጿ ብቻ የማን እንደሆነች፣ የትኛው እሳት ጫሪ ካንዴላዋ እንደደከመ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ይናገሩ ነበር። እኔ ዑዘይር የወሎ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ከአትክልት ተራ በታች ነው፤ ጢም ሳላበቅል እሳቸው እጅ ገብቼ ይኸው ጢሜ ሸበተ። ሃይማኖቴን አባቴ አስተማረኝ፣ እንጀራዬን ጋሽ እምሩ። ሲቆጡ ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ።

አሁን አብዛኛውን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። እሳቸው በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸው ግን አይቀመጥም። ዘወር ስል ዳዶ ያጠብቃሉ፣ ቱቦ ያስተካክላሉ፣ የላላ ሽቦ ያስራሉ። በቱታቸው የደረት ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ የቀለም እድፍ አለ። እስክሪቢቶ ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም፤ ባለቤታቸው እትዬ ዓለምጸሃይ ይህን እድፍ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን አማርረዋል።

ሰሞኑን ደግሞ መንገድ ይጠፋባቸው ጀምሯል። አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ብለው ወጥተው በጣም ቆዩ፤ ብፈልጋቸው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሻይ ቤቱ የት ሄደ አሉኝ። ፈርሷል ጋሼ አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ፈርሷል። የሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ መንገድና አበባ ሆኗል። እኔም ራሴ በልጅነቴ ኳስ የጠለዝኩበትን ቦታ ፈልጌ አጥቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ዛሬ ፒያሳ ውስጥ መንገድ የማይጠፋበት ሰው የለም። ስለዚህ የጋሽ እምሩን መጥፋት ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ እኔም ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሽ እምሩ ፍተሻ አይወዱም። ባንክ በር ላይ ጥበቃው እጅዎን ያንሱ ሲላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ሌባ የሚፈተሸው ሲወጣ ነው እንጂ ገና ሳይገባ ነው ወይ ይላሉ። ስንት ጊዜ ከበር ተመልሰዋል። ስለዚህ የባንኩን፣ የመብራቱን፣ የወረዳውን ጉዳያቸውን የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ በእሳቸው ፈንታ እጄን ሳነሳ ኖሬያለሁ ማለት ይቻላል።

ወደ ላዳዋ ልመለስ። የላዳ የራሷ የቤንዚን ፓምፕ ለታክሲ እንጂ ለውድድር አይሆንም፤ ያንን ትልቅ ካርቡራተር ማጥገብ አይችልም። ስለዚህ ከተጋጨ ቶዮታ የወጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጠምንላት። እሱ ደግሞ አብዝቶ ይገፋል። ካርቡራተር በልክ እየተቀዳለት የሚጠጣ ነገር ነው፤ ቤንዚኑ በኃይል ሲመጣበት መግቢያውን መዝጋት ያቅተውና ይጥለቀለቃል። ለዚህ ነው መሃል ላይ ሬጉሌተር የሚገባው። አንዲት ብሎን አለችው፤ እሷን በማጥበቅና በማላላት ግፊቱን ታስተካክላለህ፣ የተረፈው ቤንዚን በሌላ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ግፊቱን የምናይበትን መለኪያ እዚያው ሬጉሌተሩ ላይ አሰርን። ልኩን አስገብተን ብሎኗን በዳዶ ቆለፍናት።

ከዚያ ወዲህ ያልፈታሁት ነገር የለም። የቤንዚን ማጣሪያውን ፊልትሮ ቀየርኩ። ወደ ፓምፑ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳስቶ ይሆናል ብዬ በወፍራም ለወጥኩት። የታንኩ ክዳን አየር አላስገባ ብሎ ይሆናል ብዬ ክዳኑን አላልቼ አስነዳኋት። ሬጉሌተሩን ራሱን ከፍቼ ውስጡ ያለችውን ስስ ጎማ በመብራት አየኋት፤ ቀዳዳ የላትም። ግፊቱን ስጨምር ቆማ ሳለች ትጥለቀለቃለች፣ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ጎረቤት ልታቃጥሉን ነው ወይ ብሎ ይመጣል። ስቀንስ ሜዳ ላይ ትጠማለች። ካንዴላዎቿን ስፈታ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ነጭ ካንዴላ ማለት ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ ራሱን እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ እንዲያ ሆና በሙሉ ኃይል ብትነዳ ፒስተኗ ይቀልጣል። መለኪያው ግን ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይላል። የምታምነው ነገር ሲዋሽህ የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋሃል።

ያን ቀን ሊያን ወደ ሥራዋ ከሸኘኋት በኋላ መለኪያውን ተውኩትና ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለስኩ። ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለውን ቱቦ ነቅዬ ባዶ የሃይላንድ ውሃ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩና ፓምፑን አስነሳሁ። እንዲያ ያለ ፓምፕ ላስቲኩን ወዲያው ሞልቶ ማፍሰስ ነበረበት። የመጣው ቀጭን ክር ነው፣ ሽንት እንደ ከለከለው ሽማግሌ። ቱቦውን ወደ መብራት አዙሬ ሳየው ከጫፉ ገባ ብሎ ቢጫ ነገር አበራ። በቀጭን ፒንሳ ሳወጣው ጾመኛ ነው።

ጾመኛ የእኛ ጋራዥ ያወጣለት ስም ነው። የእስክሪቢቶ ብረት ጫፍ ማለት ነው፤ ጫፏ ላይ ያለችውን ኳስ መትተህ ታወጣና ቱቦው ውስጥ ትሸጉጠዋለህ። ቤንዚኑ በዚያች ቀዳዳ ብቻ ስለሚያልፍ መኪናዋ ትጾማለች። በታክሲዎቹ ዘመን ጋሽ እምሩ ጾመኛ ያላስገቡለት ላዳ የለም። ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ለሚሄድ ታክሲ አይጎዳውም፣ ነጂው ግን ቤንዚን ይተርፈዋል፤ የተረፈችው ነገር ደግሞ ቤቱ ትገባለች። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ያለ ወሩ አስጾምኩት እያሉ ይስቁ ነበር። ለዚህ ሥራ ከምርቃት በቀር ከማንም ምንም አይቀበሉም።

መለኪያውም አልዋሸም ለካ። እሱ ያለው ከጾመኛው ወዲህ ነው፤ እሱ ዘንድ ግፊት ሞልቷል፣ ከጾመኛው ወዲያ ግን ቤንዚን የለም። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የምታልፈው ትበቃዋለች፣ ሲረገጥ አትበቃውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር የከረምኩት።

መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው። አሮጌ ቱቦ ቆርጬ ገጥሜ ይሆናል፣ የድሮ ጾመኛ ውስጡ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ቱቦው ግን አዲስ ነበር፣ የፋብሪካው ጽሕፈት እንኳ ገና አልለቀቀውም። ይህን አይቼ እንዳላየ አለፍኩት። ደክሞኝ ነበር። ሰው ሲደክመው ቅርብ ያለውን መልስ ነው የሚያነሳው። ጾመኛውን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ቱቦውን መለስኩ። ሊያ በማግስቱ ስትሞክራት ላዳዋ እስከ መጨረሻው ማርሽ ነጎደች። ስልክ ደውላ አንድ ቃል ሳትናገር ስትስቅ ሰማኋት፤ ተክላይ ሲስቅ ራሱ እንዲያ ነበር።

ደስታችን አልቆየም። ውድድሩ እሁድ ሊሆን በዚያው ሳምንት ለመጨረሻ ልምምድ ይዛት ወጣችና እንደገና በጎታች መኪና መጣች። እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጋሽ እምሩ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ ሊያ አጠገባቸው ቆማለች። የጥንቱን ጋሽ እምሩን ሆነዋል። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለው ጆሯቸውን አስጠጉና ፓምፑን አስነሺ አሏት። አዳመጡ፣ ፈገግ አሉ።

"ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ" አሉ።

ቱቦውን በምላጭ ሰነጠቁትና ጾመኛውን መዳፋቸው ላይ አወጡት። ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። ማን ነው ይህን እዚህ ያስገባው ብለው መጀመሪያ ሊያን፣ ከዚያ እኔን አዩን።

"ይቺ ታክሲ አይደለችም" አሉ። "በሙሉ ኃይሏ እየሄደች ቤንዚን ቢያጥራት ሞተሩ ነክሶ ጎማውን ይቆልፋል፣ ልጅቷ ከነመኪናዋ ትገለበጣለች። ይህን ያስገባ እጅ ሁለተኛ መኪና ባይነካ ይሻላል።"

ጋራዡን የሚከፍት ቁልፍ ያለን እኔና እሳቸው ብቻ ነን። የደረት ኪሳቸውን አየሁ። እስክሪቢቶው ጫፍ የለውም፤ ቀለሙ ፈስሶ እድፉ እስከ ቱታው ቁልፍ ድረስ ሰፍቷል። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆመው ሻይ ቤቱ የት ሄደ ያሉኝ ቀን ትዝ አለኝ። እየዋሹ አልነበረም። ያንን ፊት ከአባቴ ፊት ይልቅ አውቀዋለሁ። ከልባቸው ነበር የተቆጡት፣ በማያውቁት ሰው ላይ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

ምን ልል ኖሯል? በተክላይ ልጅ ፊት እርስዎ ነዎት ልበላቸው? አፌ እሺ አላለኝም። ሊያ ዞራ አየችኝ። ጋሽ እምሩ ግን ሳያዩኝ ጾመኛውን በጣታቸው አገላበጡ። ከዚያ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አሉ በቀስታ፤ ልማድ ነው ብዬ ልለፍልህ ብል የሰው ልጅ ሕይወት ነው፣ አላልፍልህም አሉ። ከዛሬ ጀምሮ የዚህችን መኪና ቱቦ አትነካም፣ ዓርብ እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ አሉኝ። ስድብ ቢጨምሩበት ይሻለኝ ነበር።

ሊያን እስከ በሩ ሸኘኋት። እሁድ ይለፍና መኪናዬን ሌላ ጋራዥ እወስዳለሁ አለችኝ ሳታየኝ፤ ጋሽ እምሩ ባይኖሩ ዛሬውኑ ይዣት እሄድ ነበር አለች። እሺ አልኳት።

እንግዲህ ያለሁበትን ጉድ አስቡት። ጥፋቱን እኔ ተሸከምኩ፣ ቱቦው ደግሞ ጥፋቱን በሠራው እጅ ውስጥ ገባ። ጾመኛውን በድብቅ ላውጣው ብል መቼ መልሰው እንደሚያስገቡት አላውቅም፣ ካንዴላ ያስነኩኛል እንጂ ቱቦው አጠገብ አያስደርሱኝም። ለሊያ ልንገራት ብል የጋሽ እምሩ ስም በእኔ አፍ ይሞታል፤ ፒያሳ ሲፈርስ ያልፈረሰ ነገር ቢኖር ይኸው ስም ነው። ዝም ብል ልጅቷ እሁድ የአባቷን ምኞት ልትፈጽም እግሯን እስከ ወለሉ ትረግጣለች፣ ሞተሩ ከእግሯ ሥር ይቀልጣል። ያን ሰሞን የቀረበልኝን ምግብ ሳልነካ እነሳ ጀመር። ባለቤቴ ከዲጃ አመመህ ወይ አለችኝ። ደከመኝ አልኳት። እሱም ውሸት አልነበረም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ጋሽ እምሩ መነጽራቸውን በቱታቸው ጫፍ ጠረጉና አዲስ ቱቦ ለክተው ቆረጡ። እኔ አሮጌ ባትሪ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አኩርፈውኛል፣ አያናግሩኝም። አንዱን ጫፍ ሬጉሌተሩ ላይ አሰሩ። ብሎኗን በካቻቢቴ ነካ አድርገው መለኪያውን አዩ፣ ትንሽ መለሱ፣ ዳዶውን ቆለፉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከእሳቸው በቀር የሚሠራ ሰው አላየሁም። ብዙ ነገር እንደረሱ ሁሉ ጾመኛውንም ዛሬ እንዲረሱት ፈጣሪዬን ለመንኩ። ለመምህሩ መርሳትን የሚለምን ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀኝ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ዓይናቸው ሞተሩ ላይ ነው፣ እጃቸው ብቻውን ነው የሚሠራው። እስክሪቢቶውን አወጣ፣ ጫፉን ፈታ፣ መብሻዋን ፓንሽ ደግኖ በትንሿ መዶሻ አንዴ ኳ አደረገና ኳሷን አወጣ። ስንት ሺህ ጊዜ የሠራው ሥራ ነው። ከንፈራቸው ቀስ እያለ የሆነ ዜማ ያዜማል፤ ፊታቸው ለሰው ደግ ሊሠራ የተነሳ ሰው ፊት ነበር። ነፃ የሆነውን የቱቦውን ጫፍ ሲይዙ ተነስቼ የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ልቀቀኝ እንጂ" አሉ፣ ኩርፊያቸውን ረስተውታል። "ተክላይ ጠዋት መጥቶ ነበር። ቤንዚን ፈጀችብኝ ብሎ አዝኗል። ልጆች አሉት እኮ።"

የተክላይን አስከሬን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን ትከሻቸውን አሟቸው እኔ ነኝ ያሸሁላቸው። እጃቸውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የገዛ ቃላቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ሲመለስ አየሁት። በመኪናዋ መስኮት ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ የኋላ ወንበር የለም፣ በሩ ላይ የውድድር ቁጥር ተለጥፏል። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ያለችውን ጫፍ አዩ።

"ስንተኛዬ ነው?" አሉ።

"የመጀመሪያዎ ነው።"

"ዑዜ፣ እኔ መኪና ነው ያስተማርኩህ፣ ውሸት አላስተማርኩህም።"

"ሦስተኛ ነው" አልኩ። "እኔ የማውቀው ሦስተኛ ነው።"

"እንግዲያ ያን ቀን እኔ ነኝ ያልከው..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ወንበራቸው ድረስ ሄደው ተቀመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ አላፍርበትም። ሲበቃኝ ስልክህን ስጠኝ አሉና ለሊያ አስደወሉኝ። ጋሼ ይተዉት፣ እኔ እነግራታለሁ ብላቸው ስልኩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

"ሊያ፣ ልጄ" አሉ። "ቱቦሽን ያነቅሁት እኔ ነኝ። ዑዘይር ለእኔ ብሎ ነው የዋሸሽ። እጄ አንቺን አያውቅሽም፣ አባትሽን ነው የሚያውቀው። መኪናሽን የሚገጥመው ዑዘይር ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ወዲያ ማዶ ሊያ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ለረጅም ጊዜ አዳመጧትና አሜን አሜን ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ቱቦውን እኔ ገጠምኩ። ከማሰሬ በፊት ሃይላንድ አምጣ አሉኝ። ጫፉን ከትቼ ፓምፑን ሳስነሳ ላስቲኩ ወዲያው ሞልቶ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ክንዴን አልፎ እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። ጋሽ እምሩ ከወንበራቸው ሆነው በቃት፣ ጠገበች አሉ። ከዚያ ትንሽ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

እሁድ ሊያ አንዱን ዙር አሸንፋ ሁለተኛውን ተሸነፈች። የማሸነፏ ነገር ለሰው ነው እንጂ እኔ ያየሁት ካንዴላዎቹን ነው፤ ቡናማ ሆነው ወጡ፣ ደህና የጠጣ ሞተር ቀለም። በሁለቱም ዙር እስከ መጨረሻው ድረስ እግሯን ሳታነሳ ነው የደረሰችው። አንዷን ካንዴላ እንደሞቀች በጨርቅ ጠቅልላ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ወደሚያዩት ወደ ጋሽ እምሩ አምጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ጉልበታቸውን ሳመች። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ስለመውሰድ ዳግመኛ አልተነሳም።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡን ከፍቼ ሻይ ሳፈላ ጋሽ እምሩ መጡ። እንደ ወትሮው አልገቡም። በሩ ላይ ቆሙና ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ሁለቱን እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"ፈትሸኝ" አሉ።

ጋሼ ተዉ እንጂ አልኳቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን አላወረዱም። ስገባ ትፈትሸኛለህ፣ እስክሪቢቶ ካገኘህ ትወስዳለህ፣ ሰው ካየን ይየን አሉ። ባንክ በር ላይ ስንት ጊዜ እየተቆጡ የተመለሱት ሰው ናቸው። ደረታቸውን፣ ጎናቸውን፣ የሱሪያቸውን ኪስ ዳበስኩ። አጥንታቸው ከቱታው ሥር እንዲህ የቀረበ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ለምን እንደሆነ የሚያስታውሱበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ቀልድ ይጨምሩበታል፣ ሽጉጤን ቤት ትቼዋለሁ ይሉኛል። የማያስታውሱበት ቀንም አለ። ያን ቀን ባንክ የመጡ ይመስላቸውና ፊታቸው ይጠቁራል፣ እኔን እንደ ማንኛውም ጥበቃ ያዩኛል፣ ግን እጃቸውን አያወርዱም። አንዳንዴ ከኪሳቸው እስክሪቢቶ አገኛለሁ። ወደ ራሴ ኪስ እከተዋለሁ፤ አሁን የእኔም ቱታ ደረቱ ላይ ሰማያዊ እድፍ አለው።

"ምንም የለም ጋሼ፣ ይግቡ" እላቸዋለሁ።